በአንድ ሸራ ላይ የተራገፈ ሰሊጥ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ሰዓቱን በእርግጠኝነት የማውቀው የደም ግፊት መድኃኒቴን ልክ በአንድ ሰዓት ስለምወስድና ስልኩ የጠራው ብርጭቆውን አጥቤ ወደ ቦታው ከመለስሁ በኋላ ስለ ነበረ ነው። በዚያን ዕለት ጉለሌ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ በመተማ ቆላ የቆመ የሌላ ሰው ሰሊጥ መቼ እንደሚታጨድ ወሰንሁ። ሰሊጡ የእኔ አልነበረም። ውሳኔው እንዴት የእኔ እንደ ሆነ ግን እስካሁን ሳስበው ይደክመኛል፤ የምጽፈውም ደጋግሜ ከማስበው አንድ ጊዜ አስተካክዬ ባስቀምጠው ይሻላል ብዬ ነው።

የሰሊጡ ባለቤት የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን ያሳለፈው በዚያ ቆላ ሰሊጥ ሲዘራና ሲያጭድ ነው። በነሐሴ ማለቂያ ላይ ከትራክተር ተሳቢ ወድቆ የዳሌው አጥንት ተሰበረ። በመጀመሪያ ጎንደር፣ ቀጥሎም አዲስ አበባ አምጥተው ጳውሎስ ባለው ትልቁ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሲወጣ እኔ ቤት አረፈ። እኅቱ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ሌላ ቦታ ማረፉ ነውር ይሆን ነበር፤ ከሞተችም በኋላ ነውርነቱ እንዳለ ነው።

የጉለሌን ብርድ አልቻለውም። በጠዋት ሁለት ጋቢ ደርቦ፣ በላዩ የእኔን አሮጌ ካፖርት ጥሎ፣ ምርኩዙን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይጠብቃል። አንድ ቀን ለልጄ፣ «እናንተ እዚህ የምትኖሩት ተፈርዶባችሁ ነው?» አላት። ልጄ ጳውሎስ አካባቢ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ከእኔ ጋር የቀረችው እርሷ ብቻ ናት። «አዎ አጎቴ፣ ይግባኝ ጠይቀን መልሱን እየጠበቅን ነው» አለችው። ሁለቱ ሲሣሣቁ እኔ ጋዜጣ አነብ ነበር፤ መሣቅ ነበረብኝ፣ ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው የገባኝ።

በግቢዬ በአንድ የዘይት ጣሳ ውስጥ የበቀሉ ሦስት የሰሊጥ ተክሎች ነበሩ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ በየዓመቱ እዘራለሁ። ሰሊጥ ሙቀት የሚወድ ተክል ስለ ሆነ በዚህ ከፍታ እንደማያፈራ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ሆኖም ለአርባ ዓመት ያህል አብሬው የኖርሁትን ተክል ቅጠሉን እንኳ ሳላይ መኖር አልሆነልኝም። አማቼ ጣሳውን በምርኩዙ ጫፍ ነካ አደረገና፣ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሰሊጥ አይደለም፤ የሰሊጥ እስረኛ ነው» አለኝ።

ነገሩ የተጀመረው ግን ከውድቀቱ አስቀድሞ፣ በሚያዝያ ነው። ለባለቤቴ ሙት ዓመት መጥቶ ነበር። ሰው ከተበተነ በኋላ ሁለታችን ስንቀር ስለ አረም ያማርር ጀመር። በእርሱ አገር ሰሊጥ የሚዘራው በብተና ነው፤ ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ከአሸዋ ጋር ይቀላቀልና በእጅ ይበተናል። ቡቃያው ተዘበራርቆ ስለሚወጣ አራሚው የሚረግጥበት ስፍራ የለውም፤ ጎንበስ ብሎ በጣቱ እየለየ ነው የሚያርመው። ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ደግሞ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ቁጥሩ አንሷል። «ሰሊጡን የምዘራው እኔ ነኝ፤ የሚያጭደው ግን አረሙ ነው» አለኝ።

እኔ ለዚህ መልስ ነበረኝ። መልሱ ከወጣትነቴ ጀምሮ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በቆላ የሙከራ ጣቢያ በተመደብሁበት ዘመን የመጀመሪያ ሥራዬ በብተና የተዘራንና በመስመር የተዘራን ሰሊጥ ማወዳደር ነበር። በመስመር ሲዘራ የሚያስፈልገው ዘር ያንሳል፤ በመስመሮቹ መካከል አርባ ሴንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል አሥር ሴንቲ ሜትር ሲተውለት ብርሃንና አየር ያገኛል፣ ግንዱ ይወፍራል፣ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ አራሚውም በመስመሩ መካከል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በብተና የተዘራው ግን እርስ በርሱ እየተሻማ ቀጭን ሆኖ ወደ ላይ ይመዘዛል፤ ብዙውን ጊዜ ቅርንጫፍም የለውም። ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ሥዬ፣ በማስመሪያ አስምሬ፣ ርቀቱን ጽፌ ሰጠሁት። ወረቀቱን አጥፎ ከመታወቂያው ጋር ከተተው። ስሸኘው ግን በሩ ላይ ቆሞ፣ «ግማሹን እንዳሉት አደርጋለሁ፤ ግማሹን አባቴ እንዳሳየኝ። የሁለታችሁንም ምርቃት ልያዝ» አለ። ቅር አላለኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ሁለት ግማሽ ማለት ማወዳደሪያ ማለት ነውና።

በሰኔ ማለቂያ ገመድ ወጥሮ ግማሹን በመስመር ዘራ። በሦስተኛው ሳምንት ቡቃያው እንዲሳሳ፣ ማለትም ተጠጋግተው ከበቀሉት መካከል ጥቂቶቹ እንዲነቀሉ በስልክ አሳሰብሁ። እርሱ ሌላ ሥራ ላይ ስለ ነበር ማሳሳቱ በሚስቱ ላይ ወደቀ። ሚስቱ ሥራ የማትፈራ፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ሥራው አልቆ እንደ ሆነ ስጠይቃት፣ ከመንገዱ አጠገብ ያሉትን መስመሮች እንዳልሁት እንዳሳሳች፣ ወደ መሐል ስትገባ ግን እጇ እንዳልታዘዘላት ነገረችኝ። «ጋሼ፣ እግዜር ያበቀለውን፣ ያልታመመውን፣ ምን በደለኝ ብዬ ልንቀለው? አንጀቴ አልቻለም» አለች። በመሐል ስንት መስመር ሳይሳሳ እንደ ቀረ ብጠይቃት አልቆጠረችውም። ይህን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ «መሐሉ አልሳሳም፤ ስፋቱ አይታወቅም» ብዬ ጻፍሁ። የመጀመሪያው እንከን ይህ ነበር።

ከዚያ አማቼ ወደቀ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ሐኪሙ አጥንቱ ቢጠገንም እንደ ቀድሞው ጎንበስ ብሎ ማረም፣ ቀኑን ሙሉ ማሳ ለማሳ መዞር እንደማይችል በግልጽ ነገረው። ይህን የሰማ ዕለት ምሳውን አልበላም። በማግሥቱ ልጄና እኔ አልጋው አጠገብ ተቀምጠን ሳለ በቀጥታ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ በመስመር የተዘራው ግማሽ የሙሉውን ያህል ይሰጠኛል? ቢሰጠኝ እርሱን ብቻ ይዤ እዘልቃለሁ። አረሙ ቀላል ነው፣ ሚስቴም ትችለዋለች። ካልሰጠኝ ግን መሬቱን ለሰው ሰጥቼ እጄን አጣጥፌ መቀመጤ ነው።»

ሙሉውን ያህል ላይሰጥ ይችላል፣ ግን ምናልባት ሊቀርብ ይችላል፤ ለማንኛውም የሁለቱ ግማሾች ምርት ለየብቻ ሲመዘን ይታወቃል አልሁት። «እንግዲያው ሚዛኑን እጠብቃለሁ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሌላ ነገር ስናወራ እንኳ ስለዚያ ሚዛን እያሰበ መሆኑን አውቅ ነበር።

አሁን ወደ ማክሰኞው ጠዋት እመለሳለሁ። የደወለችው ሚስቱ ናት። ድምፅዋ ሩቅ ስለ ነበር የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ስልኩን በመካከላችን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። በብተና የተዘራው ቅጠሉን አራግፎ ግንዱ ቢጫ እንደ ሆነ፣ የታችኛው ፍሬ አፉን ሊከፍት እንደ ደረሰ ነገረችን። በመስመር የተዘራው ግን ታቹ ሲደርስ ላዩ ገና አበባ ይዟል፤ ቅርንጫፉ ብዙ በመሆኑ ታችና ላዩ አልተገናኘም። አጫጆች አግኝታለች፤ ሰዎቹ እስከ ሐሙስ ብቻ እንደሚቆዩ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ሰው ማሳ እንደሚያልፉ ነግረዋታል፤ ሁለት ጊዜ አጫጅ ማምጣት ስለማትችል ሁለቱንም ግማሽ በአንድ ጊዜ ማሳጨድ አለባት።

«ላሳጭድ ወይስ ልጠብቅ?» አለች።

ሰሊጥን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ይህ ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ማስረዳት አለብኝ። የሰሊጥ ፍሬ ከታች ወደ ላይ ነው የሚበስለው። ከታች ያለው ሲደርቅ ጫፉ ይሰነጠቅና ዘሩን ወደ ምድር ያፈስሳል፤ ከላይ ያለው በዚያኑ ጊዜ ገና እሸት ነው። ቀድሞ የታጨደ ከላይ ያለውን ያጣል፤ ዘግይቶ የታጨደ ከታች ያለውን ያጣል። ትክክለኛው ቀን በሁለቱ ጥፋቶች መካከል ያለች ጠባብ ቀን ናት።

እኔ ያሰብሁት በመስመር ስለተዘራው ግማሽ ነበር። የጠየቀኝ ስለ እርሱ ነውና። አሁን ቢታጨድ የላይኛው ፍሬ ሳይሞላ ይቀራል፣ ሚዛኑም ይዋሻል። እንደ ስሌቴ ስምንት ቀን ያስፈልገዋል። ወደ አማቼ ዞሬ ምን እንደሚል ጠየቅሁት። የጋቢውን ዘርፍ በጣቱ እየጠቀለለ ወደ ጣሳው ሰሊጥ ይመለከት ነበር።

«እርስዎ ያሉት ነው ጋሼ» አለ።

«አንተስ?»

«ምሁሩ እርስዎ ነዎት።»

እንደ ተስማማ ቈጠርሁት። ለሚስቱ እስከ ሚቀጥለው ረቡዕ እንድትጠብቅ ነገርኋት። «ረቡዕ ሚካኤል ነው፤ ሰው አያጭድም» አለችኝ። እንግዲያው ሐሙስ ይሁን አልሁ። ከስልኩ የነፋስ ድምፅ ይሰማ ነበር። ከዚያ «እሺ ጋሼ» ብላ ዘጋች። ስምንቱ ቀን ዘጠኝ ሆነ፤ አንድ ቀን ምንም አይደለም ብዬ አሰብሁ። ከዚያ ተነሥቼ፣ ውሃ የሚመጣበት ቀናችን ስለ ነበር በርሜሉን ለመሙላት ሄድሁ።

ቀኖቹ በጉለሌ እንደ ወትሮው አለፉ። ዓርብ ዕለት ልጄ አማቼን ለቀጠሮ ወደ ጳውሎስ ወሰደችው። ቅዳሜ እኔና እርሱ ቀስ እያልን እስከ ዊንጌት ታክሲ ማቆሚያ ሄድን፤ ሐኪሙ እንዲራመድ አዞ ነበር። በየሃያው እርምጃ ይቆማል። ሲቆም ሰማዩን ይመለከታል። ምን እንደሚያይ ስጠይቀው፣ «ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ነው» አለኝ። የእንጦጦ ነፋስ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች እንደሚወርድ ነገርሁት። «የእንጦጦውን አይደለም» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፩ ቀን፣ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ሚስቱ ደወለች። ከእሑድ ጀምሮ ነፋስ ነፍሶ እንደ ነበር፣ ሰኞ ሌሊቱን ደግሞ ባልታሰበ ጊዜ ካፊያ ዝናብ እንደ ጣለ ተናገረች። አማቼ ስልኩን ለራሱ አልያዘውም፤ ለእኔ አቀበለኝ።

«ምድሩ ነጥቷል ጋሼ» አለችኝ።

በመጀመሪያ አልገባኝም። የእነርሱ ሰሊጥ ነጩ ዓይነት መሆኑ ትዝ ሲለኝ ገባኝ። ዘሩ መሬት ላይ ፈስሶ ነው። በብተና የተዘራው ሁሉም ባንድ ጊዜ ደርሶ ስለ ነበር አብዛኛው አፉን ከፍቶ ረግፏል። በመስመር የተዘራው የታቹን አጥቶ የላዩን ይዟል። ጉንዳንና ወፍ ቀድመዋታል። አጫጆቹን ለማስመለስ ሞክራ አላገኘችም፤ በተገኘው ጎረቤት ሐሙስን ሳትጠብቅ ነገውኑ ትጀምራለች። ሚካኤልን ለመሻር መወሰኗን የተናገረችው እንደ ተራ ነገር ነበር፤ ያ ከሁሉ በላይ አስደነገጠኝ። በመጨረሻም፣ «እግዜር ያመጣው ነው፤ ምን ይደረጋል» አለች። እርሷ ሁሉንም በእግዜር ላይ ስትጥለው ለእኔ የሚተርፍ ጥፋት አልነበረም፤ ቢኖር ግን ይሻለኝ ነበር።

አማቼ ሁሉንም ሰምቷል። ምርኩዙን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሣና ወደ ክፍሉ ገባ። ልጄ ከሥራ ስትመለስ ነገርኋት። ነፋሱን ማንም ሊያውቅ እንደማይችል፣ አማቼም ራሱ መጠበቁን እንደ ተስማማበት አስረዳሁ። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሰማችኝ።

«አባዬ፣ ዝም ያለው ስለ ተስማማ መስሎህ ነው?»

በዚያው ወደ አማቼ ክፍል ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ሰውን ፊት ለፊት እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ልማዴ አይደለም፤ ቢሆንም ጠየቅሁት። ማክሰኞ ዕለት መታጨድ እንዳለበት ያውቅ ነበር ወይ? ያውቅ እንደ ነበር ራሱን በመነቅነቅ ገለጸልኝ። ለምን አልነገርኸኝም አልሁት።

«ምን ብዬ ጋሼ? በእርስዎ ቤት ተኝቼ፣ በእርስዎ ማዕድ ቀርቤ፣ በእርስዎ ትምህርት ላይ አፌን ልክፈት? እኅቴ ከመቃብር ትነሣብኝ ነበር።» ጋቢውን ወደ ትከሻው ስቦ ቀጠለ። «የዚያን ዕለት ስልኩን በካፖርትዎ ኪስ ይዤ ሽንት ቤት ገባሁ። ደውዬ ‹እጨጂ› ልላት። ከዚያ የሽንት ቤቱ መስኮት በረንዳው ላይ መሆኑ ትዝ አለኝ። ድምፄን ከሰሙ፣ ከጀርባዬ ሻረኝ ይላሉ ብዬ ተውኩት። ውሃውን ለቅቄ ወጣሁ።»

ያን የውሃ ድምፅ አስታወስሁት። በርሜሉን እየሞላሁ ሳለ፣ በፈረቃ ከምናገኘው ውሃ ያለ አግባብ ያባክናል ብዬ በልቤ ታዝቤው ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ከወጣትነቴ ዘመን አንድ ሰው በተደጋጋሚ በሐሳቤ ይመጣብኝ ጀመር። በሙከራ ጣቢያው የሠራተኞች አለቃ የነበረ ሽማግሌ ነው። የእኛ የሙከራ ማሳዎች እያንዳንዳቸው ከዚህ በረንዳ ብዙ የማይሰፉ ነበሩ። በብተና የተዘራው ሲደርስ በራሱ ቀን እናጭደዋለን፤ በመስመር የተዘራው በራሱ ቀን። ነዶው እርስ በርሱ ተደግፎ እንዲደርቅ እንደ ጎጆ የሚቆመው ክምር፣ የአገሩ ሰው ሂላ የሚለው፣ ለየማሳው በየራሱ ጨርቅ ላይ ይቆማል፤ የምትረግፍ ቅንጣት እንኳ ትለቀማለች። በመስመር የተዘራው በልጦ ሲገኝ ለሽማግሌው አሳየሁት። ሽማግሌው ሚዛኑን አየ፣ ማሳዎቹን አየ፣ ከኋላዬ የቆሙትን ሠራተኞች በዐይኑ ቈጠረ።

«ለእያንዳንዷ ማሳ የራሷ ቀንና የራሷ ሰው ካላት እኔም ምሁር ነኝ» አለ።

ሁላችንም ሣቅን። በሪፖርቴ ላይ የመስመሩን ርቀት፣ የዘሩን መጠን፣ የማሳሳቱን ጊዜ፣ የአረሙን ብዛት በጥንቃቄ ጻፍሁ። እያንዳንዱ ማሳ በየራሱ ቀን መታጨዱን ግን እንደ ግኝት አልቈጠርሁትም፤ ተገቢ አሠራር ነው ብዬ በአንድ መስመር አለፍሁት። የገበሬው ማሳ ደግሞ የሚታጨደው አጫጅ በተገኘበት ቀን ነው። በመስመር መዝራት ቅርንጫፍ ያበዛል፣ ቅርንጫፍ ሲበዛ ብስለቱ ይለያያል፣ ብስለቱ የተለያየ ሰሊጥ አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው አይመችም። ይህ ሁሉ በእጄ ነበር። ለአርባ ዓመት ስለ አዘራር ስመክር አስተጫጨዱን የተፈጥሮ ግዴታ አድርጌ ተቀበልሁት እንጂ የምክሩ አካል አላደረግሁትም።

እንዲህ እያሰብሁ አንድ ሳምንት፣ ከዚያም ሁለት ሳምንት አለፈ። አማቼ ሚስቱን በየቀኑ ያነጋግራት ነበር፤ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ከብቶቹ። ስለ ሰሊጡ ሲያወሩ እኔ እንዳልሰማ ድምፁን ይቀንሳል። እኔም እንዳላሳፍረው ወደ ግቢ እወጣለሁ። ለሚስቱ አንድ ነገር መናገር እንዳለብኝ አውቅ ነበር። የሁለቱ ግማሾች ሂላ ለየብቻ እንዲቆም፣ ለየብቻ ሸራ ላይ እንዲራገፍ፣ ለየብቻም እንዲመዘን። ከረገፈው የተረፈው እንኳ ቢሆን አንድ ነገር ይናገር ነበር። በየጠዋቱ መድኃኒቴን ስወስድ ዛሬ እደውላለሁ እላለሁ። ከዚያ ያን «ምድሩ ነጥቷል» ያለችበትን ድምፅ አስብና፣ ሰሊጧን ያስረገፍሁባት ሰው አሁን ደግሞ ለይተሽ መዝኝልኝ ብላት ምን ትለኛለች ብዬ እተወዋለሁ። አማቼ ያፈረው የተቀመጠበትን ማዕድ ነው፤ እኔ ግን ማን እንዳሳፈረኝ አላውቅም።

በኅዳር አጋማሽ አንድ ቅዳሜ፣ ከቆላ የመጣ አውቶቡስ ሾፌር ዕቃ እንዳለን ደወለ። ልጄና እኔ ወደ አውቶቡስ ተራ ሄደን በማዳበሪያ ከረጢት የታሰረ ሩብ ኩንታል የማይሞላ ሰሊጥ ተረከብን። ለቤት ይሁን ብላ የላከችው ነው። ቤት ስንደርስ አማቼ በሌለበት ደወልሁላት፤ ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። አመሰገንኋት። ከዚያም፣ ከየትኛው ግማሽ እንደ ሆነ ጠየቅሁ።

«ከየትኛው ማለት?» አለች። «ሁሉንም በአንድ ሸራ ነው ያራገፍነው ጋሼ። ጎረቤቶቹ አንድ ቀን ተኩል ብቻ ነው የረዱኝ። አንድ ማሳ አይደል?»

አንድ ማሳ ነው አልሁ። ምን ልላት እችላለሁ? ለየብቻ ይሁን ብሎ የነገራት አልነበረም። ባሏ እኔ የምነግራት መስሎት ነበር፤ እኔ ደግሞ ነገሩ ግልጽ ስለ መሰለኝ በሚያዝያ በሰጠሁት ወረቀት ላይ እንኳ አልጻፍሁትም። በኋላም ለምን ደውዬ እንዳልነገርኋት ከላይ ጽፌዋለሁ።

ከረጢቱን ፈትቼ ሁለት እፍኝ በሰፌድ ላይ አፈሰስሁና በረንዳው ላይ ወጣሁ። ማጉያ መነጽሬን አመጣሁ። በደንብ የሞላ ቅንጣትና ያልሞላ ቅንጣት ለየሁ። ያልሞላው ምናልባት በመስመር የተዘራው የላይኛው ፍሬ ይሆናል፤ ምናልባትም በብተና የተዘራውና እርስ በርሱ ሲሻማ የቀጨጨው ይሆናል። ሁለቱም አሳማኝ ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል ሳየው አማቼ ከኋላዬ መጥቶ ቆሟል።

«ይናገራል?» አለኝ።

አይናገርም አልሁት። ከአጠገቤ ወንበር ስቦ ቀስ ብሎ ተቀመጠና ከሰፌዱ ጥቂት ዘግኖ አፉ ውስጥ ጨመረ።

«ጣዕሙ ግን አንድ ነው» አለ።

ይቅር በለኝ ማለት ነበረብኝ። ይህን ቃል በአማርኛ ለታናሽ መናገር እንዴት እንደሚጀመር ሳስብ እርሱ ቀደመኝ። ከሚስቱ ጋር ተመካክረው መሬቱን ለአንድ ዘመዳቸው ለእኩል ሊሰጡት ወስነዋል፤ ዘመድየው ያርሳል፣ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። ግማሹን ብቻ በመስመር ዘርቶ ለመኖር እርግጠኛ የሚያደርግ ነገር ይፈልግ ነበር፤ እርግጠኛ የሚያደርገው ሚዛን የለም። አንድ ዓመት ደግሞ ይሞክረው፣ በዚህ ጊዜ እኔ ራሴ ወርጄ አያለሁ አልሁት። ዕድሜዬን፣ የደም ግፊቴን፣ መንገዱን ሁለታችንም እናውቃለን።

«ለአንድ ዓመት ሙከራ አንድ ዓመት የሚበላ ያስፈልጋል ጋሼ» አለኝ። ቁጣ በድምፁ አልነበረም። «ዘመዳችን በብተና ነው የሚዘራው። በመስመር ዝራ ብዬ ላዝዘው አልችልም። ምን ይዤ?»

በታኅሣሥ መጀመሪያ ሐኪሙ ሲያሰናብተው ልጄ ትኬት ቆረጠችለት። ካፖርቴን አጥቦ አጥፎ አልጋው ላይ ትቶት ሄደ። በኪሱ ውስጥ የሚያዝያዋ ወረቀት ነበረች። የረሳት ይሁን የመለሳት አላውቅም፤ እጥፋቷ ላይ አልቃለች፣ በአንድ ጥጓ ጭቃ ነክቷታል፣ አርባ ሴንቲ ሜትር የሚለው ግን ይነበባል። ከደብተሬ መካከል አኖርኋት። በጣሳው ያሉትን ሦስት ተክሎች ብርዱ በዚያው ሳምንት ገደላቸው።

ለመዝገብ ያህል፣ ያልታወቀው ይህ ነው። በመስመር የተዘራው ግማሽ በብተና ከተዘራው ምን ያህል እንደ በለጠ ወይም እንዳነሰ አልታወቀም። ለየብቻ ቢመዘን ኖሮም በመዘግየቱ የበለጠ የተጎዳው በብተና የተዘራው ስለ ሆነ ውጤቱ ትክክል አይሆንም ነበር። መሐሉ ምን ያህል ሳይሳሳ እንደ ቀረ አልተለካም። ማክሰኞ ታጭዶ ቢሆን ግማሹ የሙሉውን ያህል ይሰጥ እንደ ነበር የሚያሳይ ምንም ማስረጃ የለም። ይቅርታውም አልተጠየቀም።